ማዕበሉ ከስልክ፣ ቋጥኙ ከአምባሰል

ውጫሌ ላይ ለካፌም ሆነ ለሙሽራ ሳሎን ሥዕል የሚያዘኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ባሕር ነው፦ ከቋጥኝ ጋር የሚላተም ማዕበል፣ ነጭ አረፋ፣ ከተቻለም የምትጠልቅ ፀሐይ። ፎቶውን በስልኩ ይዞ ይመጣል። «ሐይቅ እስጢፋኖስ ቅርባችን አይደል? ገዳሙን ከነውሃው ልሣልልህ» ስለው «እሱንማ በየጊዜው እናየው የለ!» ይለኛል። ከፋዩ እሱ ነው፤ ባሕሩን እሥላለሁ።

ፎቶውን የማምነው ግን ለማዕበሉ ብቻ ነው። የስልክ ካሜራ ድንጋዩን አጥቁሮ ጥላ ያስመስለዋል። ቋጥኙን የምወስደው ከአምባሰል ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ ገደሉ ሥር ያለውን ጥቁር ድንጋይ ጠጋ ብላችሁ እዩት። የረጠበው ከደረቁ ይጠቁራል፤ ጠርዙ ላይ ግን የሰማዩ ብርሃን ያብለጨልጫል። ስለዚህ ውሃው እስከሚደርስበት ድረስ ጥቁሩ ላይ ሰማያዊ ጣል አደርጋለሁ፤ ከዚያ በላይ ያለው ደረቅ ግራጫ ነው። ይህ ወሰን ከሌለ ማዕበሉ ድንጋዩን የነካው አይመስልም።

አረፋው ሌላ ጣጣ ነው። ሐይቃችን ላይ ነፋስ ሲነሣ ውሃው ዳሩን ይመታል፤ አረፋው ግን ወዲያው ይጠፋል። ጨዋማ ውሃ ውስጥ የአየር ፊኛዎቹ ደቃቅ ናቸው፣ ቶሎም አይዋሃዱም፤ የባሕር አረፋ የሚቆየው ለዚህ ነው። ትልቅ ማዕበል እንዲነሣ ደግሞ ነፋሱ ረጅም የውሃ ሜዳ ይፈልጋል፤ ሐይቅ ለዚያ ይጠባል።

ፈረንሳዊው ጉስታቭ ኩርቤ እ.ኤ.አ. በ1869 ኤትረታ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ማዕበል ሲሥል ቀለሙን በብሩሽ ብቻ ሳይሆን በቢላዋም ይለጥፍ ነበር። ለአረፋ እኔም ቢላዋ ይቀናኛል። ነጩ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም በቁጠባ፤ የማዕበሉ ሆድ ካልጨለመ አረፋው አይበራም። ጀማሪ ነጩን ቀድሞ ያፈሰዋል፤ የሚወጣለትም የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው።

አንድ ጊዜ በአሰብ መስመር ሲነዱ የኖሩ አዛውንት ቤቴ ገቡ። አሰብ ለመኪኖቻችን የተዘጋው በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ነው፤ እሳቸው ግን ባሕሩን አልረሱትም። ያላለቀ ሸራዬን አተኩረው አዩና «ልጄ፣ ውሃው ሲመታ ሣልከው፤ ሲመለስሳ?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከዚያ ወዲህ በድንጋዩ ስንጥቅ ቁልቁል የሚወርዱ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ሳልጨምር ሥዕል አላስረክብም።

እንግዲህ ባሕር የምታዙ ደንበኞቼ፣ ፎቶውን አምጡ፤ ቋጥኙን ለእኔ ተዉት። ሐይቅን ለሚያዝ ሰው ደግሞ ዋጋ እቀንሳለሁ።