ለውሃ መሳቢያ ሞተር ማደሻ የሚሆኑ መሣሪያዎችን በትንሽ ወጪ ስለ መሥራት

የመስኖ ውሃ የሚስብ ሞተር በበጋ ወራት በቆመ ጊዜ የሚጎዳው ባለሞተሩ ብቻ አይደለም፤ ውሃ የሚጠብቀው አትክልት ሁሉ በጥቂት ቀን ይጠወልጋል። ስለዚህ በየወረዳው ያሉ ሹማምንትና ባለይዞታዎች፣ የማደሻው መሣሪያ ሁሉ ከውጭ አገር ካልመጣ አይሆንም በማለት ሥራውን ማዘግየት አይገባቸውም።

በአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ያለው ሲኤምሲ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1901 ዓ.ም. በራቬና ከተማ ከተመሠረተው የኢጣሊያ የግንበኞች ማኅበር ነው። በየጋራዡ የሚነገሩት ቡሎን፣ ላሜራ፣ ሞላ፣ ባሌስትራ የተባሉት ስሞችም ከዚያው አገር ቋንቋ የመጡ ናቸው። ስሙ እንደ ተለመደ ሥራውም ሊለመድ እንደሚችል፣ በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት ወደ አዲስ ዕቃ የሚለውጡት ባለሙያዎች ያስረዳሉ።

በቅርብ ባለ ብየዳ ቤት ሊሠሩ የሚችሉት ሦስት ናቸው።

፩ኛ፤ መንቀያ። ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት በመካከልና በግራ ቀኝ ይበሳል፤ በመካከለኛው ቀዳዳ ላይ ዳዶ ይበየዳል። የጎኖቹ ቡሎኖች ፑሌጃውን ሲይዙ፣ የመካከሉ ረጅም ቡሎን የዘንጉን ጫፍ እየገፋ ያላቅቀዋል። ፑሌጃውን በመዶሻ መምታት ግን ይሰነጥቀዋል።

፪ኛ፤ የፋሻ መሰብሰቢያ። ስስ ላሜራ ጠርዙ ተሞርዶ በፒስተኑ ዙሪያ ይጠቀለላል፤ በቱቦ ማሰሪያ ይጠብቃል። ውስጡ ዘይት ከተቀባ በኋላ ፒስተኑ በመዶሻ የእንጨት እጀታ በቀስታ ይገፋል።

፫ኛ፤ የቫልቭ ሞላ መጫኛ። በአጭር ቱቦ ጎን መስኮት ተከፍቶ ቱቦው በእጅ ማጥበቂያ ጫፍ ላይ ይበየዳል፤ ሞላው ሲጫን ትንንሾቹ መያዣዎች በመስኮቱ ይወጣሉ። ሞላው ካመለጠ ዓይን ስለሚያጠፋ መነጽር ሳያደርጉ መሥራት አይገባም።

የባሌስትራ ብረት ተቀጥቅጦና ተስሎ መሮና መፋቂያ ለመሥራት መልካም ነው። ነገር ግን ጠንካራ ብረት ስለሆነ እንዲሁ ቢበየድ በብየዳው አጠገብ ይሰበራል፤ ስለዚህ ለመንቀያው ለስላሳ ብረት መምረጥ ይሻላል።

ይሁን እንጂ ቁጠባ ወሰን አለው። ማይክሮሜትርና የቡሎንን ጥብቀት የሚለካው ቁልፍ በግምት የሚሠሩ አይደሉም፤ ሊገዙ ይገባል። ሞተር ማንሻም ያልተፈተነ እንደ ሆነ የሰው ሕይወት ያጠፋል።

እነዚህ መሣሪያዎች በየቀኑ የሚያስፈልጉ ስላልሆኑ፣ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው አንዱን ለብዙ ሞተር ሊገለገሉበት ይችላሉ። ሹማምንቱም ይህን ዝግጅት በጋው ሳይገባ እንዲያስፈጽሙ ያስፈልጋል፤ ማሳው ከደረቀ በኋላ የሚታደስ ሞተር የጠፋውን ምርት አይመልስምና።