የጭስ ማውጫ መቀየር የኤስዩቪ ተሽከርካሪን ጉልበትና ድምፅ ያሻሽላልን?

በተለምዶ የመስክ መኪና የሚባሉት የኤስዩቪ ተሽከርካሪዎች ባለንብረቶች ከፋብሪካ የተገጠመውን የጭስ ማውጫ (ማርሚታ) በሌላ የሚያስቀይሩት በአብዛኛው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛው የሞተሩ ጉልበት ይጨምራል የሚል ተስፋ ሲሆን፣ ሁለተኛው ወፈር ያለና ኃይለኛ ድምፅ የማግኘት ፍላጎት ነው። ለዚህ ሥራ የሚወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ውጤቱም የተሳፋሪዎችን ጤና፣ የአካባቢውን ነዋሪዎች ሰላምና የተሽከርካሪውን ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ የሚነካ ነው። በመሆኑም ባለንብረቶች ወደ ጋራዥ ከመሄዳቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች በዚህ ማብራሪያ ቀርበዋል።

በቅድሚያ መልሱን በአጭሩ ማስቀመጥ ይቻላል። በጤናማ ሁኔታ ላይ በሚገኝ ተሽከርካሪ ላይ የጭስ ማውጫውን የኋላ ክፍል መቀየር ድምፁን በግልጽ ይለውጣል፤ ጉልበቱን ግን የሚጨምረው በጣም በጥቂቱ ነው። የድምፁ ለውጥ መሻሻል ነው ወይስ ጉዳት የሚለው ደግሞ በተሠራው ሥራ ጥራትና በድምፁ መጠን ይወሰናል።

የጭስ ማውጫ ሥርዓት ተግባር

የጭስ ማውጫ ሥርዓት ከሞተሩ አንስቶ እስከ ተሽከርካሪው የኋላ ጫፍ የሚዘልቅ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ተግባር አለው። ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን የተቃጠለ ጋዝ በመጀመሪያ የሚቀበለው ሰብሳቢው ቱቦ ነው። ቀጥሎ የሚገኘው ካታሊስት በውስጡ ባሉት ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ብረቶች አማካይነት ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያልተቃጠለ ነዳጅንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ጉዳታቸው ወደቀነሰ ጋዞች ይለውጣል። ማርሚታው ደግሞ በውስጡ ባሉት ክፍልፋዮች፣ ቀዳዳዎችና ድምፅ አፋኝ ቁሳቁሶች ድምፁን ያለዝባል። የመጨረሻው ቱቦ ጋዙን ከተሽከርካሪው አካል ውጭ ያደርሳል።

ጋዙ በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ሲያልፍ መጠነኛ ግፊት ይገጥመዋል። ሞተሩ ይህን ግፊት ለማሸነፍ ከጉልበቱ የተወሰነውን ያወጣል። የጭስ ማውጫ መቀየር ጉልበት ይጨምራል የሚለው አስተሳሰብ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። አስተሳሰቡ ከመነሻው ስህተት አይደለም፤ ነገር ግን የሚገኘው ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ መመዘን ያስፈልጋል።

ጉልበትን በተመለከተ

የተሽከርካሪ አምራቾች የጭስ ማውጫውን የሚነድፉት ለሞተሩ የጋዝ መጠን በሚመጥን መልኩ ነው። ስለዚህ ተርቦ በሌለው ሞተር ላይ ካታሊስቱ ሳይነካ ከእርሱ በኋላ ያለው ክፍል ብቻ በጥራት ቢቀየር የሚገኘው ጭማሪ ብዙውን ጊዜ ጥቂት የፈረስ ጉልበት ነው። ይህም የሚታየው ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር ነው። የኤስዩቪ ተሽከርካሪ ግን አብዛኛውን ሥራውን የሚያከናውነው በዝቅተኛና በመካከለኛ ዙር ነው። የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ ወይም ከዓባይ በረሃ ጭነት ይዞ ወደ ደጀን የሚያቀና ተሽከርካሪ የሚያስፈልገው ጉልበት በዝቅተኛ ዙር የሚገኘው የመሳብ ኃይል ነው።

በዚህ ረገድ ከልክ በላይ ሰፊ ቱቦ ማስገጠም ተቃራኒ ውጤት ሊያስከትል ይችላል። ቱቦው ሲሰፋ በዝቅተኛ ዙር የጋዙ ፍጥነት ይቀንሳል። አንዱ የጋዝ ግፊት ሲወጣ ተከታዩን እየሳበ የሚያስወጣበት አሠራር ይዳከማል። በውጤቱም ተሽከርካሪው በድምፅ እየጠነከረ ከቆመበት ለመነሣትና ዳገት ለመውጣት ግን ይደክማል።

ተርቦ ያላቸው ሞተሮች ሁኔታ በመጠኑ ይለያል። ከተርቦው በኋላ ያለው ግፊት ሲቀንስ ተርቦው ቶሎ ስለሚነሣ ለውጡ ሊሰማ ይችላል። ይሁን እንጂ ከፍ ያለ ጭማሪ የሚገኘው የሞተሩ ኮምፒውተር አብሮ ሲስተካከል ነው። ያለ በቂ እውቀት የሚደረግ ማስተካከያ ደግሞ በተርቦው፣ በፒስተኖቹና በካምቢዮው ላይ ከተነደፉበት በላይ ጫና ያሳድራል።

አዲሱ ማርሚታ ቀለል ያለ በመሆኑ ፍጥነት ይጨምራል የሚል አስተያየትም ይሰማል። 10 ኪሎ ግራም ቢቀንስ እንኳ 2,000 ኪሎ ግራም በሚመዝን ተሽከርካሪ ላይ ልዩነቱ ከመቶ ግማሽ እጅ ነው። ይህ አንድ ሻንጣ ከማውረድ የሚበልጥ ትርጉም የለውም።

የከፍታ ቦታ ተጽዕኖ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የሚያሽከረክሩ ባለንብረቶች ተሽከርካሪያቸው ደካማ መስሎ የሚሰማቸው ዋነኛ ምክንያት ማርሚታው ሳይሆን አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ወደ ሲሊንደር የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ወለል ላይ ከሚኖረው ጉልበት ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን ያጣል።

ለምሳሌ በፋብሪካው መግለጫ 160 የፈረስ ጉልበት የተመዘገበለት ሞተር በአዲስ አበባ ከ120 እስከ 128 የፈረስ ጉልበት ብቻ ይሰጣል። ከዚህ ላይ ጥሩ ማርሚታ 3 በመቶ ቢጨምር ጭማሪው 4 የፈረስ ጉልበት አይሞላም። ከፍታው የወሰደውን 32 ወይም 40 የፈረስ ጉልበት የሚመልስ የጭስ ማውጫ የለም። ተርቦ የተገጠመላቸው ሞተሮች አየሩን አምቀው ስለሚያስገቡ በከፍታ የሚያጡት ጉልበት አነስተኛ ነው። ስለዚህ በደጋ አካባቢ ጉልበት ዋና ጉዳዩ የሆነ ሰው ይህን ማሰብ ያለበት ማርሚታ ሲቀይር ሳይሆን ተሽከርካሪ ሲመርጥ ነው።

ማሻሻያ የሚመስል ጥገና

አንዳንድ ባለንብረቶች ማርሚታ ካስቀየሩ በኋላ ተሽከርካሪያቸው በግልጽ እንደተሻሻለ ይናገራሉ። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ካታሊስቱ የተደፈነ፣ የማርሚታው ውስጣዊ ክፍል የተሰበረ ወይም ቱቦው ከመሬት ጋር ተጋጭቶ የተጨፈለቀ ከሆነ ጋዙ መውጫ ያጣል፤ ሞተሩም ይታፈናል። ብልሽቱ ሲወገድ ሞተሩ ቀድሞ የነበረውን ጉልበት መልሶ ያገኛል። የተገኘው ውጤት የጥገና እንጂ የማሻሻያ አይደለም።

ስለሆነም ጉልበት የቀነሰበት ባለንብረት በመጀመሪያ መንስኤውን ማስመርመር ይገባዋል። የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ፣ ያረጀ ካንዴላ፣ የተዘጋ የነዳጅ ማጣሪያ፣ የሚይዝ ፍሬን፣ አየር ያነሰው ጎማ ወይም የሚያንሸራትት ፍሪሲዮን ማርሚታ ከማስቀየር ባነሰ ወጪ ሊስተካከሉ ይችላሉ። ካታሊስቱ ተደፍኖ ከተገኘም የደፈነው ምክንያት ካልታወቀ አዲሱም ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥመዋል። ዘይት የሚበላ ወይም ነዳጅ በአግባቡ የማያቃጥል ሞተር ካታሊስትን ያበላሻልና።

ጠዋት ሞተር ሲነሣ ከጭስ ማውጫው ውኃ መንጠባጠቡ ግን ብልሽት አይደለም። ነዳጅ ሲቃጠል የሚፈጠረው እንፋሎት በቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ወደ ውኃ ስለሚለወጥ ነው። በአጭር ርቀት ብቻ የሚመላለስ ተሽከርካሪ ይህን ውኃ ለማድረቅ በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ማርሚታው ከውስጥ ቶሎ ይዝጋል። መተካት ሲያስፈልግ ከተራ ብረት ይልቅ የማይዝግ ብረት መምረጥ በዋጋ ቢበልጥም ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል።

ድምፅን በተመለከተ

የማርሚታ ለውጥ ውጤት በግልጽ የሚታወቀው በድምፅ ላይ ነው። ድምፅ በዴሲቤል ሲለካ አቆጣጠሩ እንደ ተራ ቁጥር አይደለም። የ3 ዴሲቤል ጭማሪ የድምፁን ኃይል በእጥፍ ያሳድጋል፤ የ10 ዴሲቤል ጭማሪ ደግሞ ለጆሮ በእጥፍ ያህል ጮኾ ይሰማል። ስለዚህ በቁጥር ትንሽ የሚመስል ልዩነት ሌሊት በመኖሪያ ሰፈር ለሚያልፍ ተሽከርካሪ ትልቅ ልዩነት ነው።

ከፍ ያለ ድምፅ አሽከርካሪውንም ያታልላል። ሞተሩ ሲያጓራ ተሽከርካሪው የፈጠነ ይመስላል፤ ፍጥነቱ ግን ያው ሊሆን ይችላል። ጉልበት መጨመሩን በእርግጠኝነት ማወቅ የሚቻለው ከለውጡ በፊትና በኋላ የሞተርን ጉልበት በሚለካ መሣሪያ በማስለካት ብቻ ነው።

የኤስዩቪ ተሽከርካሪዎች የውስጥ ክፍል ሰፊና ሳጥን መሰል በመሆኑ ዝቅተኛ የሞተር ድምፅ በውስጡ ይገዝፋል። በጋራዥ ደጃፍ ለጥቂት ደቂቃ ሲሰማ ደስ ያሰኘ ድምፅ ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ በአንድ ዓይነት ዙር ሲነዳ የማያቋርጥ ጉምጉምታ ሆኖ ራስ ምታትና ድካም ያስከትላል። የኋላ ወንበር ተሳፋሪዎች፣ በተለይም ሕፃናት፣ ይህን ይበልጥ ይሰሙታል። ጥራት ያላቸው ማርሚታዎች ይህን ጉምጉምታ የሚቀንስ ተጨማሪ የድምፅ ማለዘቢያ አላቸው። ማርሚታውን አስወግዶ ቀጥ ያለ ቱቦ መበየድ ግን ይህን መከላከያ ጨርሶ ያሳጣል። ተርቦ ባላቸው የናፍጣ ሞተሮች ላይ ደግሞ ተርቦው ራሱ የድምፁን ሞገድ ስለሚሰብረው፣ ማርሚታ ማውጣት የሚፈለገውን የስፖርት መኪና ድምፅ ሳይሆን ጩኸት ብቻ ይሰጣል።

ሊነኩ የማይገባቸው ክፍሎች

ጉልበት ለመጨመር በሚል ካታሊስቱን ማስወጣት ወይም ውስጡን ማስጠረግ አይገባም። ካታሊስቱ ሲወጣ ያልተጣሩ መርዛማ ጋዞች ወደ አየር ይለቀቃሉ፤ የኦክስጅን መለኪያው የተዛባ መረጃ ስለሚያገኝም የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል። በካታሊስቱ ውስጥ ያሉት ብረቶች ከፍተኛ የገበያ ዋጋ እንዳላቸውም ባለንብረቶች ሊያውቁ ይገባል። ካታሊስቱን ያለ ክፍያ ለማውጣት የሚቀርብ ግብዣ ለባለንብረቱ ስጦታ ላይሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው የካርቦን ሞኖክሳይድ አደጋ ነው። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ቦታ ሲጠራቀም ሰውን ይገድላል። በሚገባ ያልተበየደ መጋጠሚያ ጋዙን ከወለሉ ሥር ያፈስሳል። የኤስዩቪ ተሽከርካሪ የኋላ ክፍል ቀጥ ያለ በመሆኑም ሲጓዝ ከበስተኋላው አየር የመሳብ ባሕርይ አለው። የጭስ ማውጫው ጫፍ ከፓራውልቱ ሥር አጥሮ ከቀረ ጋዙ በኋላ በር ክፍተት ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በጉዞ ላይ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ከተሰማ ተሽከርካሪውን አቁሞ ሁሉም ሰው ወደ ንጹሕ አየር እንዲወጣ ማድረግና ሕክምና ማግኘት ያስፈልጋል።

አዲሱ ቱቦ የሚያልፍበት መስመርም መታየት አለበት። ከፋብሪካው መስመር ዝቅ ብሎ የተገጠመ ቱቦ በኮረኮንች መንገድ ይጋጫል። ወደ ፍሬን ቱቦ ወይም ወደ ነዳጅ ጋን የተጠጋ ከሆነ ደግሞ በሙቀቱ ለእሳት አደጋ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የሕግ ማዕቀፍ

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ሊደረግላቸው ይገባል። የሚያፈስስ፣ የተንጠለጠለ ወይም ከመጠን በላይ የሚጮህ የጭስ ማውጫ ባለንብረቱን ለተጨማሪ ወጪና ምልልስ ይዳርጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም የድምፅ ደረጃ እንዲወጣ ይደነግጋል። በአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መመዘኛ በመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው የድምፅ ጣሪያ ለቀን 55፣ ለሌሊት 45 ዴሲቤል ነው።

ከመወሰን በፊት ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

1. ጉልበት ከቀነሰ በቅድሚያ መንስኤውን በባለሙያ ማስመርመር፤ ጤናማ የሆነውን የጭስ ማውጫ አለማስነካት።
2. የሚቀየረው ክፍል ከካታሊስቱ በኋላ ያለው ብቻ መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ።
3. ለሞተሩ መጠንና ለተሽከርካሪው ሞዴል የተሠራ፣ የድምፅ ማለዘቢያ ያለው ማርሚታ መምረጥ።
4. ከተቻለ ተመሳሳይ ማርሚታ በተገጠመለት ተሽከርካሪ መስኮት ዘግቶ በረጅም መንገድ መጓዝና ድምፁን መስማት።
5. ሥራው ሲጠናቀቅ መጋጠሚያዎቹን ማስፈተሽ፤ የቱቦው ጫፍ ከፓራውልቱ አልፎ መውጣቱን ማየት።
6. ከፋብሪካ የተገጠመውን ማርሚታ ከነማሰሪያዎቹ ተረክቦ ማስቀመጥ፤ ለመመለስ ወይም ተሽከርካሪውን ለመሸጥ ሲፈለግ ያገለግላል።
7. ደረሰኝና የሥራ ዋስትና መያዝ።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ አሁን በአገልግሎት ላይ ያሉትን በእንክብካቤ ይዞ ለረጅም ጊዜ መጠቀም ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። የጭስ ማውጫው በጥሩ ሁኔታ ላይ የሚገኝ ባለንብረት ለማሻሻያ ያሰበውን ገንዘብ ለፍሬን፣ ለጎማና ለመደበኛ ጥገና ቢያውለው የሚያገኘው ጥቅም ይበልጣል። ድምፁን ብቻ ፈልጎ ለሚቀይር ባለንብረት ደግሞ ተገቢው መለኪያ ድምፁ ለእርሱ ማማሩ ብቻ ሳይሆን፣ ሌሊት ደጃፋቸው ላይ የሚያልፍባቸውን ጎረቤቶች አለመቀስቀሱም ጭምር ነው።