ጉርድ ፎቶ በስልክ

የአሜሪካ ፓስፖርት የሚያወጣ ወይም የሚያሳድስ ሰው የግድ ፎቶ ቤት መሄድ የለበትም። ስልክ፣ ነጭ ግድግዳ፣ መስኮትና ፎቶውን የሚያነሳለት ሰው ካገኘ ይበቃዋል። ሰው ያልኩት ሴልፊ ስለማይፈቀድ ነው፤ ባይከለከል ኖሮም አልመክረውም ነበር። ስልክ በክንድ ርቀት ሲያዝ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ይሸሽጋል። አንሺው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይራቅ፤ ስልኩን በተነሺው ዓይን ልክ ይያዝ፤ ትከሻውም እንዲገባ ሰፋ አድርጎ ያንሳ። መቁረጡ በኋላ ይደርሳል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ብርሃኑ ነው። ካሜራ ነጭ ግድግዳ ሲበዛበት ብርሃኑ የበረታ ስለሚመስለው ምስሉን በሙሉ ያጨልማል። ጠይምና ጥቁር ፊት ላይ ጉዳቱ ይብሳል፦ ዓይንና ቅንድብ ተዋውጠው ይቀራሉ። ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣት ነካ አድርጉና፣ ብቅ የምትለውን የፀሐይ ምልክት ጉንጩ በደንብ እስኪታይ ድረስ ወደ ላይ ሳቧት። ፍላሽ ይጥፋ፤ ግንባርን ያብለጨልጫል፣ ግድግዳው ላይም ጥላ ይጥላል። ተነሺው ከግድግዳው አንድ እርምጃ ወጣ ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዙር። አንሺው ብርሃኑን እንዳይጋርድ መስኮቱ ዳር ይቁም።

ቀጥሎ ስልኩን ከማሳመር ማስቆም ነው። ቆዳ የሚያለሰልሰው ቢዩቲ ሳይታዘዝ በርቶ የሚጠብቅበት ስልክ አለ፤ ፖርትሬት የሚባለው ደግሞ የፀጉርን ዳር ያደበዝዛል። ሁለቱም ይጥፉ። ፓስፖርቱን የሚሰጠው ስቴት ዲፓርትመንት በመተግበሪያ፣ በፊልተር ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተነካካ ፎቶ አይቀበልም። በተለይ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት ያላቸው እናቶች ፎቶ ሲነሱ፣ ንቅሳቱን «ላጥራልዎት» የሚል ልጅ እጁን ይሰብስብ። ንቅሳቱ የፊታቸው አካል ነው፤ ድንበር ላይ ፓስፖርቱን የሚያየው ሰውም የሚያገኘው ያንኑ ፊት ነው።

መነጽር ከኖቬምበር 2016 ወዲህ ይወልቃል። ኮፍያም እንዲሁ። በሃይማኖት ምክንያት ዘወትር ሂጃብ ወይም ሻሽ የምትለብስ ሴት አታወልቅም፤ ሆኖም ይህንኑ የሚገልጽ የፈረመችበት ጽሑፍ ታያይዛለች፣ ፊቷም ያለ ጥላ በሙሉ ይታያል። አፍ ይገጠም፣ ሁለቱም ዓይን ይከፈት። ፎቶው ከስድስት ወር በላይ የቆየ አይሁን።

ሕፃን ልጅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ነጭ አንሶላ መስኮቱ አጠገብ አንጥፋችሁ በጀርባው አስተኙትና ከላይ አንሱት፤ የእናቱ እጅ ግን እንዳይገባ፣ የአንሺው ጥላም እንዳያርፍበት። አራስ ከሆነ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ባይገለጥም ችግር የለውም። ጠግቦና ተኝቶ ከነቃ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

ፎቶውን ለሌላ ሰው በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ አለበለዚያ ተጨምቆ ጥራቱ ይወርዳል። በወረቀት ለሚያመለክት ደግሞ በፎቶ ወረቀት ታትሞ በሁሉም ጎን 51 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይቆረጣል። ከመቁረጣችሁ በፊት ማስመሪያ አስጠግታችሁ ከአገጭ እስከ አናት ለኩ፦ ከ25 አይነስ፣ ከ35 ሚሊ ሜትርም አይብለጥ።