ፕሮግራም መጻፍ በወረቀት ይጀመራል
ስለ አልጎሪዝምና ስለ ፍሎውቻርት ለጀማሪዎች የቀረበ ማብራሪያ



ኮምፒዩተር በቤቱ የሌለው ተማሪ ፕሮግራም መጻፍ ሊማር አይችልም የሚል አሳብ በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። ይህንን ቃል ከጓደኞቼም ከአንዳንድ ወላጆችም አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ወላጅ «መሣሪያውን ካልገዛሁለት ልጄ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀርብኛል» ብሎ ይጨነቃል፤ ተማሪውም በኮምፒዩተር ክፍል ተራው እስኪደርሰው ድረስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እኔ ግን ከፕሮግራም ሥራ ከባዱና ዋነኛው ክፍል በእርሳስና በወረቀት የሚፈጸም መሆኑን፤ ለዚህም ጥሩ ምሳሌ በገዛ አገራችን የሚገኝ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አልጎሪዝም ማለት ምን ማለት ነው?

አልጎሪዝም ማለት አንድን ጥያቄ ለመፍታት ወይም አንድን ሥራ ለመፈጸም የሚያስፈልጉት ተግባሮች በቅደም ተከተል የተዘረዘሩበት ደንብ ነው። ስሙ የተገኘው በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ይኖር ከነበረው ሊቅ ከሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል ኽዋሪዝሚ ነው። ይህ ሊቅ በሕንድ ቍጥሮች ስለ መቍጠርና ስለ ማስላት የጻፈው መጽሐፍ በ12ኛው መቶ ዓመት ወደ ላቲን ቋንቋ በተተረጐመ ጊዜ፤ ስሙ በላቲኖች አፍ «አልጎሪትሚ» ተባለ፤ ውሎ አድሮም የሰውዬው ስም የስሌት ደንብ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ነገር ግን መመሪያ ሁሉ አልጎሪዝም አይባልም። በሠፈራችን በጠመንጃ ያዥ አንድ እንግዳ ሰው መንገድ ቢጠይቀን «ትንሽ እልፍ ይበሉና እዚያ ይጠይቁ» ብለን እንሸኘዋለን። እንግዳውም ሰው በመሆኑ ግማሹን በግምት ግማሹን በመጠየቅ ካሰበበት ይደርሳል። ኮምፒዩተር ግን «ትንሽ» ማለት ስንት ርምጃ እንደ ሆነ፤ «እዚያ» ማለት የት እንደ ሆነ፤ የሚጠየቅ ሰው ቢታጣም ምን እንደሚደረግ ካልተነገረው በቀር አንዲት ርምጃ አይራመድም።

ስለዚህ አንድ ደንብ አልጎሪዝም ለመባል አራት ነገሮችን ማሟላት አለበት። አንደኛ፤ ምን ተቀብሎ እንደሚጀምር የታወቀ ይሁን። ሁለተኛ፤ እያንዳንዱ ተግባር ለሁለት ትርጕም የማይመች ይሁን። ሦስተኛ፤ መጨረሻ ይኑረው። አራተኛ፤ ሲያበቃ መልስ ይስጥ። እነዚህ ከተሟሉ፤ በአዲስ አበባ ያለ ተማሪ ቢሠራበትም፤ በጎንደር ያሉ ሽማግሌ ቢሠሩበትም፤ ኮምፒዩተርም ቢሠራበት መልሱ አንድ ይሆናል።

ፍሎውቻርትና ምልክቶቹ

ፍሎውቻርት ማለት የአልጎሪዝም ሥዕል ነው። አሜሪካዊው ፍራንክ ጊልብሬዝና ባለቤቱ ሊልያን የሥራን አካሄድ በሥዕል የማሳየትን ዘዴ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. ለመሐንዲሶች አቀረቡ። በ1940ዎቹ ደግሞ ኸርማን ጎልድስታይንና ጆን ፎን ኖይማን የሚባሉት ሊቃውንት ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ማቀጃ በዚህ ዓይነት ሥዕል ተጠቀሙ። ለጀማሪ አምስት ምልክቶች ይበቁታል፤ እነርሱም የሚከተሉት ናቸው።

ሞላላ ክብ፦ መጀመሪያንና መጨረሻን ያሳያል።
ወደ ጐን ዘመም ያለ ባለ አራት ማዕዘን፦ የሚገባውን ነገርና የሚወጣውን መልስ ያሳያል።
ቀጥ ያለ ባለ አራት ማዕዘን፦ የሚሠራውን ሥራ፤ ማለት መደመርን፤ መቀነስን፤ ማባዛትን ያሳያል።
በአንድ ጫፉ የቆመ ባለ አራት ማዕዘን፦ ጥያቄን ያሳያል፤ ከእርሱም «አዎ» እና «አይደለም» የሚሉ ሁለት መንገዶች ይወጣሉ። ይህንን የውሳኔ ምልክት እንለዋለን።
ፍላጻ፦ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚኬድበትን አቅጣጫ ያሳያል።

በእነዚህ ምልክቶች የሚሣለው ነገር ሁሉ ከሦስት ዓይነት አሠራር አይወጣም፤ ይኸውም ቅደም ተከተል፤ ምርጫና ድግግሞሽ ነው። ቡና ሲፈላ መቍላት፤ መውቀጥ፤ ማፍላት ቅደም ተከተል ነው፤ አንዱ ከሌላው ቢቀድም ሥራው ይበላሻል። «ውሃው ፈልቷልን?» ብሎ ካልፈላ መጠበቅ ምርጫ ነው። አቦል፤ ቶናና በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ መቅዳት ደግሞ ድግግሞሽ ነው፤ ሦስተኛው ሲፈጸም ይቆማልና መጨረሻ አለው።

ከአገራችን የተገኘ ምሳሌ

የሠፈራችን ሰው የልደታ በዓል በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን መሆኑን ሳይጠይቅ ያውቃል፤ ቀኑ አይለወጥምና። ፋሲካ ግን አንድ ዓመት በመጋቢት ሌላ ዓመት በሚያዝያ ይውላል። ታዲያ ቀኑ በምን ይታወቃል? በባሕረ ሐሳብ ነው። ባሕረ ሐሳብ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የእስክንድርያ 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ከነበረው ከድሜጥሮስ የተገኘ ነው የሚባል የዘመን ስሌት ሲሆን፤ የአገራችን ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት ያለ አንዳች መኪና በቃልና በጣት ሲሠሩበት ኖረዋል። ከክፍላችን ጾሙን የሚጾምም የማይጾምም አለ፤ ስሌቱ ግን አልጎሪዝም ስለ ሆነ ለሁላችንም ትምህርት ይሰጣል።

ደንቡን በፍሎውቻርት ተራ እንደሚከተለው አቀርበዋለሁ፤ አንባቢው በደብተሩ ላይ ምልክቶቹን እየሣለ ይከተለኝ።

1. ጀምር፤ ዓመተ ምሕረቱን ተቀበል።
2. 5500 ጨምርበት፤ ይህ ዓመተ ዓለም ይባላል።
3. ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍል፤ ቀሪውን ትተህ ሙሉ ድርሻውን ያዝ፤ ይህ መጠነ ራብዒት ነው።
4. ሁለቱን ደምረህ ለ7 አካፍል፤ ቀሪው መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት ይነግርሃል። 1 ማክሰኞ፤ 2 ረቡዕ፤ 3 ሐሙስ፤ 4 ዓርብ፤ 5 ቅዳሜ፤ 6 እሑድ፤ 0 ሰኞ ነው።
5. ዓመተ ዓለሙን ለ19 አካፍል። ውሳኔ፦ ቀሪው 0 ነውን? አዎ ከሆነ ወንበር 18 ነው፤ አይደለም ከሆነ ከቀሪው 1 ቀንስ፤ የተረፈው ወንበር ነው።
6. ወንበሩን በ19 አባዛ፤ ከ30 እስከማይበልጥ ድረስ 30 እየቀነስህ ተመለስ፤ የቀረው መጥቅዕ ነው። ወንበሩ 0 ከሆነ ግን መጥቅዑን 30 በል።
7. ውሳኔ፦ መጥቅዑ ከ14 ይበልጣልን? አዎ ከሆነ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፤ ወሩን «ጥር» ብለህ ያዝ። አይደለም ከሆነ በጥቅምት ይውላል፤ ወሩን «የካቲት» ብለህ ያዝ።
8. በዓለ መጥቅዕ የዋለበትን ዕለት ፈልግ፤ የዕለቱንም ተውሳክ በመጥቅዑ ላይ ጨምር። ተውሳኩ ለእሑድ 7፤ ለሰኞ 6፤ ለማክሰኞ 5፤ ለረቡዕ 4፤ ለሐሙስ 3፤ ለዓርብ 2፤ ለቅዳሜ 8 ነው።
9. ውሳኔ፦ ድምሩ ከ30 ይበልጣልን? አዎ ከሆነ 30 ቀንስና ወሩን «የካቲት» አድርግ፤ አይደለም ከሆነ እንዳለ ተወው። ይህ መባጃ ሐመር ነው፤ ጾመ ነነዌ በዚህ ቀን ይጀመራል።
10. 69 ቀን ጨምር፤ ፋሲካ ነው። መልሱን ጻፍ፤ አቁም።

ልብ በሉ፤ 6ኛው ተራ ድግግሞሽ ነው፤ 5ኛው፤ 7ኛውና 9ኛው ምርጫዎች ናቸው፤ የተውሳኩ ዝርዝርም ፕሮግራም ጻፊዎች ሠንጠረዥ የሚሉት ነው። ሊቃውንቱ በ30 መግደፍ የሚሉት በፕሮግራም ቋንቋ ቀሪን ማግኘት ከሚባለው ሥራ ጋር አንድ ነው።

በ2017 ዓ.ም. እንሞክረው

2017 ሲደመር 5500 ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል ድርሻው 1879 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 9396፤ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 2፤ ስለዚህ መስከረም 1 ረቡዕ ነው። 7517 ለ19 ሲካፈል ቀሪው 12፤ ወንበሩም 11 ይሆናል። 11 በ19 ሲባዛ 209፤ ሠላሳ ሠላሳውን ስንቀንስ 179፤ 149፤ 119፤ 89፤ 59፤ 29። መጥቅዑ 29 ከ14 ስለሚበልጥ በዓሉ መስከረም 29 ነው። ከመስከረም 1 እስከ 29 ልክ አራት ሳምንት ስለ ሆነ ዕለቱ ያው ረቡዕ ነው፤ ተውሳኩም 4። 29 እና 4 ሲደመር 33 ይሆናል፤ «ጥር 33» የሚባል ቀን ደግሞ የለም፤ ስለዚህ የ9ኛው ተራ ውሳኔ 30 ቀንሶ የካቲት 3 ይለናል። ከዚያ 60 ቀን ሁለት ወር ነውና ሚያዝያ 3፤ 9 ቀን ሲጨመር ሚያዝያ 12። የ2017 ፋሲካም በዚሁ ቀን ውሏል።

ቍጥሮቹ ከየት መጡ?

ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ደንቡን ይሸመድደዋል እንጂ ሊያርመው አይችልም። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፤ የጨረቃ 12 ወር 354 ቀን ስለ ሆነ በየዓመቱ 11 ቀን ይተርፋል። ስለዚህ ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ ይገኛል። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑ፤ አበቅቴና መጥቅዕም ምንጊዜም በአንድነት 30 ናቸው። ለ19 የምናካፍለው ደግሞ ፀሐይና ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ስለሚመለሱ ነው፤ 19 የፀሐይ ዓመት 235 የጨረቃ ወር ያህል ነውና። ተውሳክም እንዲሁ በዘፈቀደ የተቀመጠ አይደለም። ከመስከረም እስከ ጥር፤ ከጥቅምትም እስከ የካቲት 120 ቀን ስለ ሆነ ዕለቱ በአንድ ያልፋል፤ ረቡዕ ሐሙስ ይሆናል። ከሐሙስ 4 ቀን ሲቈጠር ሰኞ ነው። ተውሳክ ነነዌን ሁልጊዜ ሰኞ ላይ የሚያደርስ ቍጥር ነው ማለት ነው።

ሥራን ስለ መፈተን

አንድ ጊዜ ትክክል መልስ መስጠት ፕሮግራምን ትክክል አያሰኘውም። ፍሎውቻርት ሲፈተን እያንዳንዱን ፍላጻ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእርሳስ ሊሄዱበት ይገባል። 2017 ከ7ኛው ተራ በመስከረም ወጥቶ በ9ኛው 30 ይቀነስለታል። በ2018 መጥቅዑ 18፤ ዕለቱ እሑድ፤ ድምሩ 25 ስለ ሆነ አይቀነስም፤ ነነዌ ጥር 25፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። በ2016 ደግሞ መጥቅዑ 10 ስለ ሆነ መንገዱ በጥቅምት ነው፤ ዕለቱ ቅዳሜ፤ ነነዌ የካቲት 18፤ ፋሲካ ሚያዝያ 27። ሦስቱን ዓመታት እኔ በደብተሬ ላይ ሠርቼ ከግድግዳ ካላንደር ጋር አስተያይቻቸዋለሁ፤ ሁሉም ገጥመዋል።

አራተኛው መንገድ ግን በቀላሉ የሚረሳ ነው። በ2005 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7505 ስለ ነበረ ለ19 ሲካፈል ምንም አልቀረም። የ5ኛውን ተራ ውሳኔ የዘለለ ሰው ወንበሩን ከዜሮ በ1 ያነሰ ያደርገዋል፤ እንዲህ ያለ ወንበር ግን በባሕረ ሐሳብ የለም። ፕሮግራሙ 18 ዓመት ያለ ነቀፋ ሠርቶ በ19ኛው ዓመት ይሰናከላል ማለት ነው። ከ2005 ቀጥሎ ይህ የሚሆነው በ2024 ዓ.ም. ነው። የባንክ ሒሳብም ሆነ የሐኪም ቤት መዝገብ በኮምፒዩተር በሚሠራበት ዘመን እንዲህ ያለ የተዘለለ ጥያቄ ሰውን ሊጐዳ ስለሚችል፤ ጥንቃቄውን ከአሁኑ መልመድ ይገባናል።

መልሱንም በሌላ መንገድ መፈተን ይቻላል። አበቅቴና መጥቅዕ 30 ካልሆኑ፤ ነነዌ ሰኞ ካልዋለ፤ ወይም ፋሲካ ከመጋቢት 26 በፊት ወይም ከሚያዝያ 30 በኋላ ከመጣ፤ በሥራው ውስጥ ስሕተት አለ።

ይህንን ሁሉ ስል ኮምፒዩተር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። እኛ በሩብ ሰዓት የምንሠራውን እርሱ በዓይን ጥቅሻ ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል ሊሠራው ይችላል። ነገር ግን ያልተነገረውን አያስብም፤ የረሳነውንም ጥያቄ አይጠይቅልንም። ስለዚህ ወላጆቻችን መሣሪያው እስኪገኝ ድረስ ልጃችን ሥራ ፈትቷል ብለው አይዘኑ፤ ደብተርና እርሳስ ካለው ትምህርቱ ተጀምሯል። ጓደኞቼም የ2019ን ፋሲካ በዚህ ፍሎውቻርት ፈልጉ፤ በትክክል የሠራ ሚያዝያ 24 ያገኛል። ሌላ ቀን ያገኘ ወረቀቱን አይቅደድ፤ ከመጀመሪያው ምልክት ተነሥቶ ፍላጻውን በጣቱ እየተከተለ የሳተበትን ቦታ ይፈልግ፤ ፕሮግራም ጻፊዎችም በዚሁ ሥራ ብዙ ጊዜ ያሳልፋሉና።