ሐሳብ በምን ይመዘናል? የኮሌጅ ተማሪዎች ሂሳዊ አስተሳሰብና የምዘና ሰንጠረዥ

አንድ የኮሌጅ ተማሪ ሳምንታት ለፍቶ ያዘጋጀው ጽሑፍ ከአንድ የውጤት ፊደልና «ትንታኔው ጥልቀት ይጎድለዋል» ከሚል አጭር አስተያየት ጋር ሲመለስለት፣ ከዚያ ፍርድ የሚማረው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ጥልቀት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ፣ የጎደለው ማስረጃው ይሁን አመክንዮው፣ በሚቀጥለው ጽሑፉ ምን ቢያደርግ እንደሚሻሻል አያውቅም። ፍርዱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ግን በመምህሩ ልብ ውስጥ ተዘግቶ ቀርቷል።

ከፍተኛ የትምህርት ተቋማት ተማሪዎቻቸው የሰሙትን ሁሉ እንዳለ የማይቀበሉ፣ የሚቀበሉትን መርምረው የሚቀበሉ፣ የማይቀበሉትንም በምክንያት የሚተዉ እንዲሆኑ እንደሚሹ ይገልጻሉ። ይህ ችሎታ ሂሳዊ አስተሳሰብ ይባላል። ነገር ግን የስሌት መልስ ትክክል ወይም ስሕተት መሆኑ በቀላሉ የሚታወቅ ሲሆን፣ የአንድ ወጣት አስተሳሰብ በምን ይለካል? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከተቀረጹት መሣሪያዎች አንዱ ሩብሪክ በመባል የሚታወቀው የምዘና ሰንጠረዥ ነው።

የጋራ መመዘኛ አለመኖሩ የሚያስከትለውን ችግር አጉልተው ካሳዩት ጥናቶች መካከል፣ ፖል ዲደሪክ፣ ጆን ፍሬንችና ሲዴል ካርልተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ያሳተሙት ይገኝበታል። ተመራማሪዎቹ የመጀመሪያ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎች የጻፏቸውን 300 ድርሰቶች ለ53 አንባብያን ሰጡ። ከአንባብያኑ መካከል የቋንቋ፣ የማኅበራዊና የተፈጥሮ ሳይንስ መምህራን፣ ደራስያንና አርታዕያን፣ የሕግ ባለሙያዎችና የንግድ ሥራ ኃላፊዎች ነበሩበት። መመዘኛ ግን አልተሰጣቸውም፤ እያንዳንዳቸው በገዛ ሚዛናቸው ድርሰቶቹን በ9 ደረጃዎች እንዲከፍሉ ብቻ ተጠየቁ። ከድርሰቶቹ 94 በመቶ የሚሆኑት ሰባት፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ የተለያዩ ደረጃዎችን አገኙ። ከአምስት ያነሰ የተለያየ ደረጃ ያገኘ አንድም ድርሰት አልነበረም።

ይህ የሆነው አንባብያኑ ግድየለሾች ወይም አላዋቂዎች ስለነበሩ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ውጤቶቹንና አስተያየቶቹን በመረመሩ ጊዜ፣ አንዱ ወገን ለሐሳቡ፣ ሌላው ለአደረጃጀቱ፣ ሌላው ለሰዋስውና ለሥርዓተ ነጥቡ፣ ሌላው ለቃላት ምርጫው፣ ሌላውም ለጸሐፊው የአገላለጽ ለዛ የበለጠ ክብደት ይሰጥ እንደነበር ተገነዘቡ። ሁሉም መዘኑ፤ ነገር ግን በአንድ ሚዛን አልመዘኑም። ተማሪው ያገኘው ውጤት በጽሑፉ ብቻ ሳይሆን ጽሑፉ በማን እጅ በመውደቁም ጭምር የሚወሰን ከሆነ፣ ነገሩ የፍትሕ ጥያቄ ይሆናል።

የምዘና ሰንጠረዥ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ረድፎቹ የሚፈለጉትን ችሎታዎች፣ ዓምዶቹ ደግሞ የብቃት ደረጃዎችን ይይዛሉ፤ በሁለቱ መገናኛ ላይ በዚያ ደረጃ ያለ ሥራ ምን እንደሚመስል በቃላት ይገለጻል። በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ የአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ያደረገው የሂሳዊ አስተሳሰብ ሰንጠረዥ ነው። አምስት ረድፎች አሉት፤ እነርሱም ጉዳዩን አጥርቶ ማቅረብ፣ ማስረጃን መርጦና መርምሮ መጠቀም፣ ዐውዱንና የራስንም ጭምር የተደበቁ ግምቶች መለየት፣ የጉዳዩን ውስብስብነት ያገናዘበ አቋም መያዝ፣ በመጨረሻም ከማስረጃው የሚፈልቅ መደምደሚያ ላይ መድረስ ናቸው። እያንዳንዱ ረድፍ ከ1 እስከ 4 ይመዘናል፤ የመነሻውን ደረጃ ያላሟላ ሥራ 0 ይሰጠዋል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ተማሪዎች «የባሕረ ሰላጤው ከተሞች ለመጠጥ ውኃ ከባሕር ተጣርቶ በሚገኝ ውኃ ላይ መመካታቸው ይበጃልን?» ተብለው ተጠየቁ እንበል። አንደኛው ተማሪ ከሁለት ባለሙያዎች የወሰደውን የወጪ ግምት ጠቅሶ «ስለዚህ ዘዴው ውድ ነው» ብሎ ይደመድማል። ሁለተኛዋ ተማሪ ግን ያንኑ ግምት ይዛ፣ ስሌቱ መቼ እንደተሠራ፣ የኃይል ዋጋው በማን እንደተሸፈነ፣ ወደ ባሕር የሚመለሰው ከባድ ጨዋማ ውኃ የሚያደርሰው ጉዳት በሒሳቡ መካተቱን ትጠይቃለች። የሁለቱም ሰዋስው እንከን የለሽ ሊሆን ይችላል። በማስረጃው ረድፍ ግን የባለሙያን ቃል ሳይመረምር የተቀበለው ወደ 1 ሲጠጋ፣ የመረመረችው ወደ 4 ትቀርባለች። ከሁሉ በላይ፣ አንደኛው ተማሪ የጎደለው ብልህነት ሳይሆን ምንጭን የመጠየቅ ልማድ መሆኑን ያውቃል። ልማድ ደግሞ ይታረማል።

ይሁን እንጂ ሰንጠረዡን በወረቀት ማባዛት ብቻውን ሚዛኑን የጋራ አያደርገውም። «በቂ ትንታኔ» የሚለውን ሐረግ ሁለት መምህራን በሁለት መንገድ ሊረዱት ይችላሉ። ስለዚህ መምህራን አስቀድመው አንድ ዓይነት የተማሪ ሥራ ለየብቻቸው አንብበው ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከዚያም ተሰብስበው የተለያዩበትን ረድፍ በጽሑፉ ላይ ጣታቸውን እያሳረፉ ይወያዩበታል። ማኅበሩ ያወጣው ሰንጠረዥም የተዘጋጀው በዋናነት በተቋም ደረጃ ስለ ተማሪዎች ዕድገት ለመነጋገር እንጂ ለዕለት ውጤት አይደለም። ለአንድ ኮርስ የሚውል ከሆነ መምህሩ ከትምህርቱ ጋር ሊያስማማው ይገባል።

መሣሪያው አደጋም አለው። ተማሪው ሰንጠረዡን እንደ ዕቃ መቁጠሪያ ዝርዝር ከያዘው፣ «ተቃራኒ ሐሳብ ይጠቀስ» ስለተባለ ብቻ ያላመነበትን አንቀጽ ይለጥፋል። እንዲሁም ጥያቄው ራሱ የተሸመደደ መልስ ብቻ የሚሻ ከሆነ፣ የትኛውም ሰንጠረዥ ያልተጠየቀን ሐሳብ ሊመዝን አይችልም።

ጉዳዩ ለአማርኛ አንባብያንም ቅርብ ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ስለ ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ ኮርስ ይወስዳሉ። የአመክንዮ ስሕተቶችን ስም በቃል መያዝ መልካም ጅምር ነው፤ በገዛ ጽሑፍ ውስጥ ያንኑ ስሕተት መለየት ግን ሌላ ችሎታ ነው፤ እርሱንም ለመመዘን ተማሪው መጻፍና መሟገት አለበት።

ስለዚህ በየትኛውም አገር ትምህርት ላይ ያለ ወጣት ሥራውን ከመጀመሩ በፊት «በምን ትመዝኑናላችሁ?» ብሎ በአክብሮት ቢጠይቅ እንደ ድፍረት ሊቆጠርበት አይገባም። ሰንጠረዡ ከውጤቱ በኋላ ከመጣ ማስረጃ ብቻ ነው፤ ከሥራው በፊት ከተሰጠ ግን ትምህርት ይሆናል። ተማሪዎቹ ምክንያት እንዲያቀርቡ የሚጠይቅ መምህርም የፍርዱን ምክንያት አስቀድሞ በግልጽ ሊያስቀምጥላቸው ይገባል።