ነባሩን መግዛት ወይስ አዲስ መገንባት? የጅቡቲ እግር ኳስ የስታዲየም ጥያቄ

ግብፅ ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ማለፏን ያረጋገጠችው እአአ ጥቅምት 8/2025 ጅቡቲን 3 ለ 0 በማሸነፍ ነበር። ሞሐመድ ሳላህ ሁለት፣ ኢብራሂም አደል አንድ ግብ አስቆጥረዋል። በመርሐ ግብሩ ላይ ባለሜዳ ተብላ የተመዘገበችው ጅቡቲ ብትሆንም፣ ጨዋታው የተካሄደው ከጅቡቲ ከተማ ከ5 ሺሕ 500 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው የሞሮኮዋ ካዛብላንካ ነው።

በዚሁ ምድብ የነበሩት የኢትዮጵያና የጅቡቲ ብሔራዊ ቡድኖች እርስ በርስ ያደረጓቸው ሁለት ጨዋታዎችም የተካሄዱት ሞሮኮ ውስጥ ነው። በሰኔ 2024 አንድ ለአንድ ተለያዩ፤ በመጋቢት 2025 ዋልያዎቹ 6 ለ 1 አሸነፉ። ዋና ከተሞቻቸው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም የባቡር ሐዲድ የተሳሰሩት ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንዳቸው ሌላቸውን "በሜዳቸው" ለማስተናገድ አህጉሩን አቋርጠው ሄዱ።

ምክንያቱ አንድ ነው፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የሚጠይቀውን መሥፈርት የሚያሟላ ሜዳ አልነበራቸውም። ይህ ችግር ከብሔራዊ ቡድን አልፎ ክለቦችንም ይነካል። በአህጉራዊ ውድድር የሚሳተፍ የጅቡቲ ክለብ የራሱ የሆነ ብቁ ሜዳ ከሌለው እንግዳ ሆኖ መኖሩ ነው። ታዲያ አንድ ክለብ ከዚህ ለመውጣት ምን ማድረግ ይችላል? ነባሩን ስታዲየም ገዝቶ ማደስ፣ ወይስ አዲስ መገንባት?

አንድ ሜዳ፣ ብዙ ክለቦች

የጅቡቲ እግር ኳስ መናኸሪያ በዋና ከተማዋ የሚገኘው የኤል ሃጅ ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ስታዲየም ነው። ስያሜውን ያገኘው አገሪቱን ከነጻነት ዓመት ከ1977 እስከ 1999 ከመሩት ከመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነው። ስታዲየሙ እአአ በ1993 የተከፈተ ሲሆን፣ 20 ሺሕ ገደማ ተመልካች ይይዛል። የአገሪቱ ክለቦችም በአብዛኛው በዚሁ ሜዳ ይፈራረቃሉ።

ሜዳው ሰው ሠራሽ ሣር የለበሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ጅቡቲ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያልፍባት፣ ዝናብ እምብዛም የማይጥልባትና ውኃ ብርቅ የሆነባት አገር ናት። የተፈጥሮ ሣር በየቀኑ እያጠጡ ማቆየት ከመጠጥ ውኃ ጋር መሻማት ይሆናል።

በዚህ ሜዳ ታሪክ ተሠርቷል። በኅዳር 2007 ጅቡቲ ሶማሊያን 1 ለ 0 ያሸነፈችው፣ በመስከረም 2019 ደግሞ ኢስዋቲኒን 2 ለ 1 ረትታ ወደ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያው የምድብ ድልድል የሚወስደውን መንገድ የጀመረችው በዚሁ ከተማ ነበር። ይሁንና ምድቡ ላይ ስትደርስ በኅዳር 2021 አልጄሪያን "ያስተናገደችው" ካይሮ ላይ ነው። ቡድኑን ለዚያ ያበቃው ሕዝብ ፍሬውን በቴሌቪዥን ተመለከተ።

ካፍ የሚጠይቀው ጥሩ ሣር ብቻ አይደለም። የተጫዋቾችና የዳኞች መልበሻ ክፍሎች፣ የሕክምናና የፀረ አበረታች መድኃኒት ምርመራ ክፍሎች፣ ቁጥር ያላቸው የተናጠል መቀመጫዎች፣ የተመልካች መግቢያና የአደጋ ጊዜ መውጫ በሮች፣ ለመገናኛ ብዙኃን የተዘጋጀ ስፍራ እንዲሁም ለቴሌቪዥን ሥርጭት የሚበቃ የምሽት መብራት ይመረመራሉ። በጅቡቲ ደግሞ መብራቱ ከመሥፈርትም በላይ ነው፤ በቀን ሙቀት መጫወት ለጤና አደገኛ በመሆኑ ያለ መብራት እግር ኳስ የሚቻልባቸው ሰዓታት ጥቂት ናቸው።

መግዛት ማለት ምን መግዛት ነው?

አንድ ክለብ ስታዲየም ሲገዛ ከሕንፃው ይልቅ ዋጋ ያለው ብዙውን ጊዜ መሬቱ ነው። የጣሊያኗ ሚላን ለዚህ የቅርብ ምሳሌ ናት። የከተማዋ ምክር ቤት በመስከረም 2025 መጨረሻ እአአ በ1926 የተከፈተውን የሳን ሲሮ ስታዲየም ከዙሪያው መሬት ጋር ለኤሲ ሚላንና ለኢንተር በ197 ሚሊዮን ዩሮ እንዲሸጥ ወሰነ። ክለቦቹ የገዙት ግን ሊጫወቱበት ብቻ አይደለም። ዕቅዳቸው እዚያው አጠገብ 71 ሺሕ 500 መቀመጫ ያለው አዲስ ስታዲየም ሠርተው የነባሩን አብዛኛውን ክፍል ማፍረስ ነው። ስለዚህ "መግዛት ወይስ መገንባት" የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ከሁለት አንዱን መምረጥ አይደለም፤ አንዳንዴ ግዢው የግንባታው የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው።

የራስ ሜዳ አለመኖር የሚያስከትለውን ደግሞ የእንግሊዙ ኮቨንትሪ ሲቲ ያሳያል። ክለቡ በ2005 ወደ አዲስ ስታዲየም ቢገባም ባለቤቱ አልነበረም። በኪራይ ውዝግብ ምክንያት በመጀመሪያ ወደ ኖርዝሃምፕተን፣ በኋላም ወደ በርሚንግሃም ተሰዶ ተጫውቷል። በመካከሉ ስታዲየሙ ለአንድ የራግቢ ክለብ ተሸጠ፤ ያም ክለብ ሲከስር ወደ ሌላ ኩባንያ ተላለፈ። ኮቨንትሪ ሜዳውን የራሱ ማድረግ የቻለው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2025 ነው። ተከራይ የሆነ ክለብ ዕጣ ፈንታው በሌሎች ውል እንደሚወሰን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ የረጅም ጊዜ ኪራይ። ዌስት ሃም ዩናይትድ የለንደን ኦሊምፒክ ስታዲየምን ከ2016 ጀምሮ ለ99 ዓመት ተከራይቷል። ኪራዩ ሲጀመር በዓመት 2.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ለክለቡ ርካሽ ነው፤ የማስተዳደሪያው ወጪ ግን በአብዛኛው በሕዝብ ገንዘብ ላይ አርፏል። ጁቬንቱስ በበኩሉ ከቱሪን ከተማ አስተዳደር መሬቱን ለ99 ዓመት ወስዶ፣ የነበረውን ስታዲየም አፍርሶ፣ በ2011 የራሱን ከፍቷል። መሬቱ የሕዝብ፣ ሕንፃው የክለቡ፣ ጥገናውም የክለቡ ሆነ።

አዲስ መገንባት የሚያስከፍለው

አርሴናል በ2006 ወደ ኤምሬትስ ሲዛወር ለግንባታው 390 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወጥቷል። ከ2005 እስከ 2014 ድረስ ክለቡ አንድም ትልቅ ዋንጫ አላነሳም፤ በእነዚያ ዓመታት ዕዳውን እየከፈለ ታላላቅ ተጫዋቾቹን ሸጧል። በ2012 ለባርሴሎና ከተሸጡት አንዱ ካሜሩናዊው አሌክስ ሶንግ ነው። ይኸው ተጫዋች በ2020 የጅቡቲውን አርታ ሶላር 7 ተቀላቅሎ መላው የአፍሪካ እግር ኳስ ወዳጅ ስለ ጅቡቲ ሊግ እንዲጠይቅ አድርጓል።

የሶንግ ዝውውር የጅቡቲ ክለቦች ባለሀብት ወይም ደጋፊ ተቋም ካገኙ ስመ ጥር ተጫዋች ማምጣት እንደሚችሉ አሳይቷል። ስታዲየም ግን እንደ ተጫዋች ደመወዝ በሁለት ዓመት ውል የሚያበቃ ወጪ አይደለም።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ክለብ በዓመት 10 ጨዋታ በሜዳው ቢያደርግ፣ ለእያንዳንዱ ጨዋታ 2 ሺሕ ተመልካች ቢገባና ትኬቱ 500 የጅቡቲ ፍራንክ ቢሆን፣ የዓመቱ ገቢ 10 ሚሊዮን ፍራንክ ይሆናል። አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ177 ፍራንክ በጥቂቱ በሚበልጥ ቋሚ ተመን ስለሚመነዘር፣ ይህ 56 ሺሕ ዶላር ገደማ ነው። ክለቡ ለመጠነኛ ስታዲየም 10 ሚሊዮን ዶላር በ5 በመቶ ወለድ ቢበደር፣ ዋናውን ገንዘብ ሳይጨምር የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 500 ሺሕ ዶላር ይደርሳል። የትኬቱ ገቢ የወለዱን ስምንተኛ እጅ እንኳ አይሞላም።

ክፍተቱን ለመሙላት ስታዲየሙ ከጨዋታ ቀን ውጭም መሥራት አለበት። ሱቆች፣ የስብሰባ አዳራሽ፣ የስፖርት ማዘውተሪያ፣ ሰርግና የንግድ ትርዒት ካልተጨመሩበት ኳስ ብቻውን ሕንፃውን አይቀልብም።

መሬትስ ከየት ይገኛል? ጅቡቲ ከተማ ባሕር በከበበው ልሳነ ምድር ላይ የተቆረቆረች ናት። ወደቦቹ፣ አውሮፕላን ማረፊያውና የውጭ አገራት የጦር ሰፈሮች ሰፊውን ቦታ ይዘዋል፤ መኖሪያው ወደ በልበላ አቅጣጫ እየተስፋፋ ነው። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በተራራ ላይ የምትገኘው አርታ ቀዝቀዝ ያለ አየር አላት። ነገር ግን ተመልካቹ ያለው ዋና ከተማዋ ውስጥ ነው። በሥራ ቀን ምሽት በአውቶቡስ ተሳፍሮ ተራራ የሚወጣ ደጋፊ ቁጥሩ ያንሳል።

ከኢትዮጵያ ምን ይማሯል?

በአዲስ መገንባትና ነባሩን በማደስ መካከል ያለውን ፈተና ኢትዮጵያ በሁለቱም በኩል አይታዋለች። የአዲስ አበባ ስታዲየም በ1962፣ በ1968 እና በ1976 የአፍሪካ ዋንጫን ያስተናገደ ነው። በ1962 ኢትዮጵያ ዋንጫውን ያነሳችው እዚያው ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን የዘመኑን መሥፈርት ማሟላት አቅቶት ለዓለም አቀፍ ጨዋታ ዝግ ሆነ።

ተስፋ የተጣለበት የባሕር ዳር ስታዲየም በጥቅምት 2021 ደቡብ አፍሪካን ካስተናገደ በኋላ የካፍ ፈቃድ ተነፈገው። ኢትዮጵያ በቀጣዩ ወር ጋናን ያስተናገደችው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። በሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈችበት የማይረሳ ጨዋታም የተካሄደው በማላዊ ሊሎንግዌ ነበር። ግንባታው በ2008 ዓ.ም. የተጀመረውና ከ60 ሺሕ በላይ ተመልካች እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ብሔራዊ ስታዲየም ደግሞ በታሰበው ጊዜ ሳይጠናቀቅ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ነባር ስታዲየም የሚሞተው በማርጀቱ ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ሊደረግለት የሚገባው ጥገና ሲታጠፍ ነው። አዲስ ስታዲየምም ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ሳይታወቅ ከተጀመረ፣ እስኪያልቅ ድረስ ቡድኑ በሰው አገር ይሰነብታል።

አሥረኛው ዓመት

ለጅቡቲ ክለቦች ነባሩን ስፍራ የሚመርጡበት ምክንያት ጠንካራ ነው። ቦታው ከተመልካቹ አጠገብ ነው፤ መንገድና ኤሌክትሪክ የገባለት ነው፤ 20 ሺሕ መቀመጫም ለሊጉ ከበቂ በላይ ነው። የሚጎድለውን በደረጃ ማሟላት ይቻላል፤ በመጀመሪያ መብራትና ሣር፣ ቀጥሎ የመልበሻና የሕክምና ክፍሎች፣ ከዚያ መቀመጫዎች። ፊፋ ከ2023 እስከ 2026 ባለው ዙር ለእያንዳንዱ አባል ፌዴሬሽን ለተለዩ ፕሮጀክቶች እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። ይህ ገንዘብ ስታዲየም አያስገነባም፤ ሜዳ ለማልበስና መብራት ለመትከል ግን ያግዛል። የሚሰጠው ለፌዴሬሽኑ በመሆኑም ከግል ግዢ ይልቅ የጋራ እድሳትን ያበረታታል።

ብዙ ክለቦች የሚጋሩትን ብቸኛ ትልቅ ሜዳ ለአንድ ክለብ መሸጥ ሌላ ጣጣ አለው። ገዢው ባለሀብት ነገ ፊቱን ቢያዞር ወይም ኪራይ ቢያስወድድ የሚቆመው መላው ሊግ ነው። ስለዚህ መሬቱ የሕዝብ ሆኖ ክለቦች በጋራ በረጅም ጊዜ ውል የሚያስተዳድሩት ስታዲየም ከሽያጭም ከአዲስ ግንባታም ያነሰ አደጋ አለው። አዲስ መገንባት የሚያዋጣው የነባሩ መዋቅር ለሕይወት አስጊ መሆኑ በመሐንዲሶች ሲረጋገጥ፣ ወይም መንግሥት ወጪውን ከነጥገናው ሲሸከም ነው።

ያም ሆነ ይህ ወሳኙ ቁጥር የግዢው ወይም የግንባታው ዋጋ አይደለም። ሰው ሠራሽ ሣር በአማካይ በአሥር ዓመት ገደማ መቀየር ይኖርበታል፤ የጅቡቲ ፀሐይ ደግሞ ዕድሜውን ያሳጥራል። ጨዋማው የባሕር ነፋስ ብረትና የመብራት ምሰሶ ይበላል። የፊፋን ከፍተኛ የጥራት ማረጋገጫ የያዘ ሰው ሠራሽ ሜዳ በየዓመቱ እንደገና መፈተሽ አለበት። በምርቃቱ ዕለት ሪባን የሚቆርጥ አይጠፋም፤ በአሥረኛው ዓመት ሣሩን የሚቀይረውና አምፖሉን የሚተካው ማን እንደሆነ ውሉ ላይ ካልተጻፈ ግን፣ የተገዛውም ሆነ የተገነባው ስታዲየም ቡድኑን ወደ ካዛብላንካ ከመሄድ አያድነውም።