መድኃኒት የሚቀሰቅሰው ረሃብ፦ ክኒኑን ሳያቋርጡ ማዕድን መግራት

ለወራት ታሞ የሰነበተ ሰው ከሕክምና መልስ ምግብ መጠየቅ ሲጀምር ቤተሰቡ ደስ ይለዋል። እንጀራ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞር የነበረው ታማሚ መሶቡን በዓይኑ ሲፈልግ ጎረቤቱ «ተመስገን፣ ዳነ» ይላል። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ነገሩ መልኩን ይለውጣል። በልቶ ከተነሣ ሰዓት ሳይሞላው ዳግም ይርበዋል፤ ሌሊት ነቅቶ መሶብ ይከፍታል፤ ልብሱ ይጠበዋል፤ ፊቱ ይሞላል። የቤተሰቡ ደስታ ወደ ትዝብት፣ ትዝብቱም በታማሚው ልብ ወደ ሐፍረት ይሸጋገራል። በመጨረሻም ለማንም ሳይናገር ክኒኑን ያቆማል።

አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎትን ከልክ በላይ ይጨምራሉ። ይህ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት እንጂ የታማሚው ሆዳምነት አይደለም። መፍትሔውም መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ መተው ሳይሆን አመጋገብን ማስተካከልና ከሐኪም ጋር መመካከር ነው።

የትኞቹ መድኃኒቶች ናቸው?

በቅድሚያ የሚጠቀሱት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶንን የመሳሰሉ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ናቸው። ፕሬድኒሶሎን ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ብግነት፣ ለአንዳንድ የኩላሊት ሕመሞች፣ እንዲሁም ከሥጋ ደዌ ጋር ተያይዞ ለሚነሣ የነርቭ ብግነት ይታዘዛል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ኦላንዛፒን፣ ሪስፐሪዶንና ክሎርፕሮማዚን፣ ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ሶዲየም ቫልፕሮኤትም ተመሳሳይ ውጤት ሊያስከትሉ ይችላሉ። ለስኳር ሕመም የሚሰጡት ኢንሱሊንና ግሊበንክላሚድም ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። ይሁን እንጂ መድኃኒቶቹን የሚወስድ ሰው ሁሉ ይወፍራል ማለት አይደለም፤ ውጤቱ እንደ ሰውየው፣ እንደ መድኃኒቱ ዓይነትና እንደ መጠኑ ይለያያል።

ረሃቡ ከየት ይመጣል?

የረሃብና የጥጋብ ስሜትን የሚቆጣጠረው ሃይፖታላመስ የተባለ የአንጎል ክፍል ነው። ከጨጓራ፣ ከአንጀትና በሰውነት ከተከማቸ ስብ የሚነሡ መልእክቶች ወደዚያ ደርሰው «ጠግቤአለሁ» ወይም «ርቦኛል» ያሰኛሉ። ከአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ሂስታሚንና ሴሮቶኒን የተባሉት ንጥረ ነገሮች መልእክት የሚያደርሱበትን መንገድ ስለሚዘጉ የጥጋቡ ምልክት ይዳከማል። ሆዱ ሞልቶ ሳለ አንጎሉ ገና እንደተራበ ይቆጥረዋል።

የስቴሮይድ መድኃኒቶች ደግሞ ከኩላሊት በላይ ያሉ ዕጢዎች የሚያመነጩትን ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ይመስላሉ። የምግብ ፍላጎትን ያነሣሣሉ፤ በደም ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን ከፍ ያደርጋሉ፤ ጨውና ውሃ በሰውነት እንዲቀር ያደርጋሉ፤ ስብም በፊት፣ በአንገትና በሆድ ዙሪያ እንዲከማች ያደርጋሉ። ፊት መሙላቱ የምቾት ምልክት ሳይሆን የመድኃኒቱ አሻራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙ መጠኑን ደረጃ በደረጃ ሲቀንስ ረሃቡም አብሮ ይቀንሳል።

ለምን በድንገት አይቋረጥም?

ፕሬድኒሶሎን ከሦስት ሳምንት በላይ ሲወሰድ የሰውነት ዕጢዎች ሥራቸውን ለክኒኑ ትተው ያርፋሉ። ክኒኑ በድንገት ሲቆም ዕጢዎቹ ወዲያው ነቅተው አይተኩትም። በዚህ ጊዜ ብርቱ ድካም፣ ማዞር፣ ማስመለስና የደም ግፊት መውረድ ይከተላል፤ ሕይወትንም ሊያሳጣ ይችላል። ለአእምሮ ሕመም የታዘዘ መድኃኒት ሲቋረጥ የተሻለው ሕመም ሊያገረሽ ይችላል፤ የሚያገረሸውም አንዳንድ ጊዜ ከወራት በኋላ ስለሆነ ታማሚውና ቤተሰቡ ምክንያቱን ላያገናኙት ይችላሉ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ደግሞ መንፈራገጡ ይመለሳል። በምድጃ ዳር ለምትውል እናት፣ ወንዝ ለሚሻገር ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ማዕዱን እንዴት መግራት ይቻላል?

የመጀመሪያው እርምጃ የምግብ ሰዓትን መወሰን ነው። ቁርስን መዝለል ረሃቡን ያጠራቅመዋል እንጂ አይቀንሰውም፤ ቀን የተጠራቀመው ማታ ከልክ በላይ ያስበላል። በቀን ሦስት ጊዜ በሰዓቱ መመገብ፣ ካስፈለገም በመካከሉ ትንሽ መቆያ መያዝ የተሻለ ነው።

ሁለተኛው ለረጅም ሰዓት የሚያጠግብ ምግብ መምረጥ ነው። ምስር፣ ሽንብራ፣ አተርና ባቄላ ፕሮቲንና አሰር ስላላቸው ቶሎ አያስርቡም። ከነጭ ዱቄት ዳቦ ይልቅ የገብስ ቅንጬ ወይም ካልተነፋ ዱቄት የተጋገረ ቂጣ ይመረጣል። በጓሮ የሚበቅሉት ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ዱባ በርከት ብለው ቢበሉም የሚሰጡት ኃይል አነስተኛ ነው። እህል ተቆጥሮ በሚበላበት ቤት ደግሞ ጥቂት መደብ የጓሮ አትክልት ለታማሚውም ለቤተሰቡም እፎይታ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ ጓያ ርካሽ ነው ተብሎ ለወራት ዋና ምግብ መሆን የለበትም፤ እግርን ሊያሽመደምድ ይችላል።

ሦስተኛው ድርሻን አስቀድሞ መወሰን ነው። በጋራ ገበታ ላይ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ታማሚው ለብቻው በሳህን ቢቀርብለት፣ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ የጥራጥሬ ወጥ ወይም እንቁላል፣ ሩቡ እንጀራ ቢሆን መጠኑን ማየት ይቀላል። የጥጋብ ስሜት አንጎል ለመድረስ 20 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ ተጨማሪ እንጀራ ከመጠየቅ በፊት ውሃ ጠጥቶ መቆየት ይጠቅማል።

አራተኛው ሳይታሰብ የሚገባውን ስኳር፣ ዘይትና ጨው መቀነስ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። በቀን ሦስት ስኒ ቡና በሁለት ሁለት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው በቡና ብቻ 24 ግራም ስኳር ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የተጨመረ ስኳር ቢቻል በቀን ከ25 ግራም በታች ቢሆን የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ስኳር ሊይዝ ይችላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል አለው። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ እንዳይበልጥ ድርጅቱ ይመክራል፤ ስቴሮይድ ለሚወስድ ሰው ይህ ይበልጥ ይጸናል።

ለመቆያ ከብስኩትና ከፓስቲ ይልቅ ንፍሮ ይመረጣል። ቆሎም መልካም ነው፤ በእፍኝ ተለክቶ እንጂ ከረጢቱን ይዞ አይደለም። የሰውነት እንቅስቃሴም ድርሻ አለው። አርሶ አደሩ በእርሻና በአጨዳ ወቅት ብዙ ይንቀሳቀሳል፤ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወር ግን የሚበላውን በዚያው ልክ ካልቀነሰ ክብደቱ ይጨምራል። የከተማ ነዋሪ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ቢራመድ ይመከራል።

ጾም ሲመጣ

በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ቆይቶ በአንድ ጊዜ አብዝቶ መብላት ረሃቡን ያባብሰዋል። መድኃኒቱ ከምግብ በኋላ የሚወሰድ ከሆነ ሰዓቱም ይዛባል። ስለዚህ ታማሚው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ማማከር ይኖርበታል። በረመዳንም ለሕመምተኛ ፈቃድ ስላለ ከሃይማኖት አባትና ከሐኪም ጋር መነጋገር ይገባል። በጾም ማዕድ ላይ የሚቀርቡት ጥራጥሬና አትክልት፣ ዘይታቸው ከተመጠነ፣ ለዚህ ችግር የተመቹ ናቸው።

ዝም የማይባል ረሃብ

ሁሉም ረሃብ በትዕግሥት አይታለፍም። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላሚድ የሚወስድ ሰው ድንገት ርቦት ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበውና ግራ ከተጋባ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ወዲያውኑ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት አለበት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይጨመር በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። በሌላ በኩል ስቴሮይድ ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከረሃቡ ጋር የውሃ ጥምና ቶሎ ቶሎ መሽናት ከታየበት የደም ስኳሩ ከፍ ብሎ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይመርመር። እግር ማበጥና ድንገተኛ የክብደት መጨመርም ምርመራ ይሻሉ።

ሐኪሙ ምን ሊያደርግ ይችላል?

መጠኑን ሊቀንስ፣ የሚወሰድበትን ሰዓት ሊያስተካክል፣ ክብደት በማይጨምር ሌላ መድኃኒት ሊተካ ይችላል። ለዚህ መረጃ ያስፈልገዋል። መድኃኒቱ ሲጀመር በጤና ጣቢያ ወይም በጤና ኬላ ተመዝኖ ክብደቱን በማስታወሻ የያዘ ታማሚ ለሐኪሙ ሥራውን ያቀልለታል። 60 ኪሎ የነበረ ሰው በአንድ ወር 63 ኪሎ ከደረሰ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ያሳውቅ። ሚዛን በሌለበት የቀበቶ ቀዳዳ መለወጥም ምስክር ይሆናል።

ለመወፈር ሲሉ ዴክሳሜታሶንን የመሳሰሉ ክኒኖችን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚወስዱ ሰዎችም ከዚህ ሊማሩ ይገባል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ውፍረት ጤና አይደለም፤ የደም ስኳርና የደም ግፊት መጨመርን፣ የአጥንት መሳሳትን፣ ለበሽታ መጋለጥን ያስከትላል።

ከሁሉ በላይ ግን የቤተሰብ ድርሻ ወሳኝ ነው። «ሆዳም ሆንክ» የሚለው ቃል ታማሚውን ከመሶቡ ሳይሆን ከመድኃኒቱ ያርቀዋል። በየአፍታው የሚዘረጋ ጉርሻም፣ በፍቅር ቢሆን እንኳ፣ ትግሉን ያከብድበታል። የቤቱ ሰው ሁሉ ስኳሩን ቀንሶ፣ ጎመኑን ጨምሮ አብሮት ቢመገብ ግን ታማሚው ብቻውን የተለየ አይመስለውም፤ ክኒኑንም በሰዓቱ ይውጣል።